የተለሰነው መገጣጠሚያ

ከኋላው «ሬት» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። እሱ ግን ሰምቶታል፤ ሰምቶም አልከፋውም። እውነቱን ለመናገር እንዲያውም ደስ ብሎታል፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ትክክለኛ ስም የወጣለት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበርና። የቀረው ሁሉ ጉራ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ የማትሞላው የብረት ቱቦ «የነገው አውራ ጎዳና» ትባላለች። የቆርቆሮው መጋዘን «የፈጠራ ማዕከል» ይባላል። በሕይወት ዘመኑ አንዲት ብሎን አጥብቆ የማያውቀው የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ደግሞ «ባለራዕዩ» ይባላል፤ ያውም አንድም ሰው ሳይስቅ።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። አየር ከሌለ ፊት ለፊት የሚገፋ ነገር ስለማይኖር፣ ሰው የጫነ ካፕሱል በማግኔት ተንሳፍፎ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ የሙሉ ቀን መንገድ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ሬትም ወረቀቱን አይንቅም። ሠላሳ ዓመት በማቀዝቀዣና በጋዝ ፋብሪካዎች ከፓምፕ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ስለሆነ አየርን ማስወጣት እንደሚቻል ያውቃል። የወጣው አየር ተመልሶ እንዳይገባ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውጭ የቀረው አየር በያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ አሥር ቶን ሆኖ ይጫናል። ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፣ ሲፈልግ ያድራል፤ አይደክመውም፣ ለሻይ አይወጣም፣ ስብሰባ አይጠራም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከአለቃው ቢሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ቢፈለግ አይገኝም፤ ቢያንስ ሬት እንደዚያ ነው የሚያምነው።

አንድ ጊዜ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ካፕሱሉ መሐል መንገድ ላይ ቢቆም ሰዎቹ በየት ይወጣሉ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ባለራዕዩ ፈገግ ብሎ «አይቆምም» አለ። ተጨበጨበለት። ሬት ያን ቀን ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭቡትን እጆች አንድ በአንድ ተመለከተ፤ ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ከመጤፍ አይቆጥራቸውም።

ሥራው ፍተሻ ነው። ቱቦዋን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ እየተከተለ አየር የምታስገባበትን ይፈልጋል፤ ብየዳውን ያያል፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ማታ ከመውጣቱ በፊት ያየውን በፍተሻ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ሌላ ሰው ቢሆን «መገጣጠሚያ ሰባት፣ ጎማው ይቀየር» ብሎ ፈርሞ ይሄድ ነበር። ሬት ግን «መገጣጠሚያ ሰባት እንደ አለቃችን አፍ ነው፤ ሲከፈት ነፋስ ብቻ ይወጣል» ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ ለቢሮ በሄደ ማግስት ጸሐፊዋ በሻይ ሰዓት ጮክ ብላ ታነበዋለች። የሒሳቡም የሰው ኃይሉም ክፍል ስኒውን ይዞ ይሰበሰባል፤ ሳቁ እስከ ፓምፕ ቤቱ ድረስ ይሰማል። ሬት ያልሰማ መስሎ ፓምፑን ያዳምጣል። ግን ይሰማል። አንዳንዴ አንዲትን ዓረፍተ ነገር ለማሳመር ግማሽ ሰዓት ይቀመጥባታል።

አንድ ልጅ አለችው፤ ሴት ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሆነው ይኖራሉ። መሐንዲስ ናት፤ የምትሠራውም እዚያው፣ ካፕሱሉ ላይ ነው። አባቷ የናቀውን ሁሉ እሷ ታምንበታለች። ለማመን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ሬት ምሳ ሊበላ ወደ ካፌው ሲገባ ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶዋ ተለጥፎ አየ። ከሥሩ «ሐሙስ፦ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ» ይላል። ልጁ ከፎቶው ላይ ሆና ትስቃለች። ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

ለሐሙስ ብዙ እንግዶችና ብዙ ካሜራዎች ሊመጡ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ቱቦዋ ነጭ ቀለም ተቀባች። ሰኞ ጧት ሬት ፓምፕ ቤት ገብቶ የግፊት መለኪያውን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ሕመምተኛ ሙቀት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ጌጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፓምፕ ቢያጠፋም ንቅንቅ አይልም። ወጣት መሐንዲሶቹ ተቃቀፉ። አንዱማ አለቀሰ። ሬት ግን እነሱን በንቀት ገላምጦ መብራቱን ይዞ ወጣ። በአንድ እሑድ ራሷን የምታሽር ቱቦ አይቶ አያውቅም።

ነገሩን ያገኘው አርባ አንደኛው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ብረት በፀሐይ ይረዝማል፤ ያቺ ቱቦ በሞቃት ቀን ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ያህል ትጨምራለች። ለዚህ ሲባል በየሃምሳ ሜትሩ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ መገጣጠሚያ ተሠርቶላታል፤ ስትረዝም ይሰበሰባል፣ ስትቀዘቅዝ ይዘረጋል። አርባ አንደኛው ላይ እጥፋቱ የለም። የታለ? ለስላሳ ሆኗል፤ እንደ ሳሎን ግድግዳ ልሙጥ ብሎ ያበራል። በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርገው ነጭ ዱቄት ወጣ።

ቀለም ቀቢው መሰላሉን እየጫነ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ይኼን ምን አድርገኸው ነው?» አለው።

«ስቱኮ ነዋ ጋሼ! አላማረም? ከቢሮ መጥተው ሽብሽቡ በካሜራ ያስጠላል፣ ደፍነው አሉኝ። ሁለቴ ለስኜ ነው የቀባሁት።»

«ሁሉንም?»

«ኧረ ይቺን ብቻ! ካሜራው የሚተከለው እዚህ ፊት ለፊት ነው አሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደውም እጥፋቱ ውስጥ ጣት የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ እሷንም በደንብ ሞልቻታለሁ። ሰው ሥራ ሲሰጠኝ አላድበሰብስም እኔ።»

ሬት ነጩን ዱቄት ከጥፍሩ አራገፈ። ቀለም ቀቢው የታዘዘውን በደንብ የሠራ፣ በዚያ ግቢ ያለ ብቸኛው ሰው ነበር።

ስንጥቅ ያለበት መገጣጠሚያ፣ መንቀሳቀሻው በቤት ስቱኮ ተደፍኖ፣ ውጭ አሥር ቶን አየር ይጠብቀዋል። ጧት ጧት ዝም ይላል። ፀሐይ ስትበረታ ብረቱ ልንቀሳቀስ ይላል፤ ስቱኮው አይሆንም ይላል፤ ከዚያ ስንጥቋ ባንድ ጊዜ ትተረተራለች። አየሩ ዘሎ ይገባል። ያን ጊዜ በዚያ በኩል የሚመጣ ካፕሱል ካለ፣ ባዶ ይሆናል ብሎ የሮጠበት ቱቦ ውስጥ ከግድግዳ ጋር እንደሚላተም ነው። ሬት ቦርሳውን ከፈተ። መሮና መዶሻ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ። ያኔውኑ መትቶ ሊያፈርሰው ይችል ነበር። ግን እነሱ ራሳቸው መጥተው እንዲያዩት፣ አፍረው እንዲያፈርሱት ፈለገ። መዝገቡን አወጣና ቱቦዋን ተደግፎ ተቀመጠ። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ቱቦአችን ተኳኩላለች። አርባ አንደኛው መገጣጠሚያ ስንጥቁ በሳሎን ስቱኮ ተለስኖ ሳይንስ ድል ተመቷል። ሐሙስ ዕለት ፀሐይ እንዳትወጣ በደብዳቤ ይገለጽላት፤ እምቢ ብትል በዲሲፕሊን ትጠየቅ።»

ሁለቴ አነበበው። «ተኳኩላለች» የምትለዋን ወደዳት።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት የተሰማው ሳቅ በስድስቱ ዓመት ተሰምቶ አያውቅም። ሬት እስከ ምሳ ጠበቀ፤ ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ራሱ ወደ ደኅንነት ኃላፊዋ ቢሮ ሄደ። ሴትዮዋ ገና ስታየው ዓይኗን በመሐረብ ትጠርግ ጀመር።

«ጋሼ፣ ገደሉኝ እኮ! ፀሐይን በዲሲፕሊን!»

«ቀልዴን አይደለም። ልጄ ናት የምትገባው። ሰው ላኪና መገጣጠሚያውን አስከፍቺ።»

«እሺ፣ ጌጁ ምን ይላል?»

«ይዟል። የያዘው ግን—»

«ይዟላ!» ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አደረገች፤ ክፋት የላትም፣ ሬትን የሚያናድደውም ይኸው ነው። «ጋሼ፣ ይስሙኝ። በዚህ ዓመት ብቻ 'አደገኛ' የምትለዋን ቃል ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ጽፈዋል። ቆጥሬዋለሁ። የካፌውን ወንበር ጨምሮ።»

«ወንበሩ አደገኛ ነበር።»

«ሁሉም ነገር አደገኛ ከሆነብዎ እኔ ምን ላድርግ? አሁን ያን ስቱኮ ባስነሣ ደግሞ ቀለሙ አይመሳሰልም፤ እንደገና ይቀባ ቢባል ለሐሙስ አይደርስም። ደግሞ ፈርሜበታለሁ።»

ሬት ስለ እሷ ፊርማ የሚያስበውን ሁሉ ነገራት። ስለ ወንበሯም፣ ስለ መሐረቧም፣ ስለ አስተማሯት መምህራንም ጨመረላት። ተናግሮ ሲጨርስ ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋውጦ በሩን አሳየችው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ልጆች ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ።

ረቡዕ ራት ላይ ልጁን ሊነግራት ቆርጦ ተነሣ። ሾርባውን አቀረበላት፣ ዳቦውን ቆረሰላት። ከዚያ የወጣው ግን «ያ አለቃሽ፣ ያ የነፋስ ከረጢት» የሚል ሆነ።

«አባዬ፣ ዛሬን እንኳ» አለች ማንኪያዋን አስቀምጣ።

«መገጣጠሚያው በስቱኮ ተለስኗል ነው የምልሽ! የቤት ቀለም ቀቢ ነው ያስተካከለው! እነዚህ ደደቦች—»

«ደኅንነት ክፍል ፈርሟል። ጌጁን እኔም አይቻለሁ፣ ስድስት ዓመት እንደዚህ ይዞ አያውቅም። አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ካለው ነገር አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ደኅና ነው ያልከው አለ?»

አሰበ። ካፕሱሏን እንኳ፣ እሷ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አጥታ የሠራቻትን፣ «መስኮት ያለው ሬሳ ሣጥን» ብሏታል፤ ያውም በመዝገብ። ይህን ማንበብ አለማንበቧን ጠይቋት አያውቅም። «አለ እኮ» አለ፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። ልጁ ተነሣች። ከዚያ ሳህኗን አጥባ «ነገ በጧት እነሣለሁ» ብላ ገባች። ሬት ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ። ምላሱን ነቅሎ ቢጥለው ደስ ባለው ነበር።

ሐሙስ ሰማዩ አንድ ዳመና አልነበረውም። ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ እንግዶቹ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ልጁ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ የራስ ቁሯን ይዛ ወደ ጣቢያው ስትገባ ተጨበጨበ። ካፕሱሉ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል። ሬት ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲለማመድ ነው ያደረው፤ ስድብ የሌለባት፣ ቀልድ የሌለባት። በሰው መሐል ሰንጥቆ ባለራዕዩ ፊት ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ለዚህ ሰው ኮፍያ ከማውለቅ እሳት ቢበላው ይመርጥ ነበር።

«ጌታዬ፣ እባክዎ። ልጄ ናት። አርባ አንደኛው መገጣጠሚያ ተሰንጥቆ በስቱኮ ነው የተደፈነው። ለአንድ ሰዓት ያቁሙልኝና ያስከፍቱት።»

ባለራዕዩ ደረቱ ላይ ጎትቶ አቀፈው። «ክቡራን እንግዶቻችን! የቤተሰባችን ጨዋታ አዋቂ እኚህ ናቸው። ፀሐይን በዲሲፕሊን የከሰሱት!» እንግዶቹ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ሳቁ። «እስቲ ጋሼ፣ የዛሬዋን ይጣሉልን!»

«እባክዎ» አለ ሬት። «እግርዎ ላይ ልውደቅ?»

«እንዲህ ናቸው እኮ! ፊታቸው ንቅንቅ አይልም!» አለ ባለራዕዩ። ሁሉም ሰው አፉን ለሳቅ አዘጋጅቶ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ሬት ፊታቸውን አየ። ስድስት ዓመት ሲያሠለጥናቸው ኖሮ አሁን በደንብ ሠልጥነዋል።

ለአራት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ የተደገፈውን ብስክሌት ይዞ ወጣ። ብስክሌት ከነዳ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ የሱሪው ጉልበት ተቀደደ። በግራው ነጯ ቱቦ ታንጸባርቃለች፣ ሙቀቷ ጉንጩ ላይ ይሰማዋል። ፔዳሉን እየረገጠ ማንንም አልሰደበም፤ ትንፋሽም አልተረፈው።

አርባ አንደኛው ጋ ሲደርስ ስቱኮው ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ወጥታለች። ጆሮውን አስጠጋ። ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መሮውን መስመሯ ላይ አድርጎ በመዶሻ መታ፤ ደገመ። በሦስተኛው ስቱኮው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባብሮ በስንጥቋ ወደ ውስጥ ተመጠጠ፤ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ብረቱ ጓ ብሎ ስንጥቋ በዓይኑ ፊት ከጣት ወደ ክንድ ረዘመች። ወዲያው በሩቁ ጣቢያ ሳይረን ጮኸ። ግፊቱ ከልክ ካለፈ ካፕሱሉ ከቦታው እንዳይነሣ የሚቆልፍ መሣሪያ አለ። የሠራችው ልጁ ናት። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ቀን ያልተሰደበ ነገር ይኸው ብቻ መሆኑ ሬትን አሁን ገና ትዝ አለው፤ ትናንት ራት ላይ ጠፍቶበት የነበረው መልስ ይህ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ትኖራለች።

ባለራዕዩ በመኪና ሲደርስ ጥበቃዎቹን አስከትሏል፤ ልጁም ከኋላ ወርዳ መጣች።

«በመዶሻ ሰበሩት!» አለ ባለራዕዩ። «ስድስት ዓመት ሲጠሉት ኖረው፣ ዛሬ በእንግዳ ፊት ሰበሩት! ያዙት!»

ጥበቃዎቹ ክንዱን ያዙት። ሬት ልጁን ብቻ ያያል። እሷ በአጠገቡ አልፋ ስንጥቋ ጋ ተንበረከከች፤ ጓንቷን አውልቃ ጣቷን በስንጥቋ ጠርዝ ላይ አስኬደች፣ ከዚያ ጣቷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ቀይ ነው።

«ዝገት አለው» አለች። «ይቺ ጣት የምታህለዋ የዛሬ አይደለችም። የዓመታት ዕድሜ አላት። ዛሬ የተጨመረው ይኼ ያልዛገው ብቻ ነው።» ዞር ብላ ባለራዕዩን አየችው። «በካፕሱሉ ሮጬ ብደርስባት ኖሮ ሞቼ ነበር።»

ጥበቃዎቹ ክንዱን ለቀቁት። ባለራዕዩ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ይህ ቀን ለሬት ስድስት ዓመት ሲጠበቅ የኖረ ነበር። በምላሱ ጫፍ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጣች፤ ያማረች፣ የሾለች፣ ሰውዬውን ዕድሜ ልኩን የምትከተለው። ሊናገራት ትንፋሽ ሳበ።

«አባዬ» አለች ልጁ። «መቼ ነው ያየኸው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ ፎቶዬ ከተለጠፈ በኋላ ነው። እኔ እንደምገባ እያወቅህ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አድርገህ ጻፍከው? 'ተሰንጥቋል፣ ልጄን አታስገቡ' ብለህ መጻፍ አቅቶህ ነው?»

ሬት ሰበብ ፈለገ። እነሱ ደደቦች ናቸው ሊል አሰበ፤ የሚያነብ ሰው ይገባዋል ብዬ ነው ሊል አሰበ። ቱቦዋን ተደግፎ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቃል ሲመርጥ የነበረውን ሰውዬ አየው። በሕይወቱ ብዙ ሰው ንቋል፤ እንዲህ አድርጎ የናቀው ግን አልነበረም።

«እንዲስቁ» አለ።

ልጁ ቀይ የሆነውን ጣቷን በነጩ ልብሷ ላይ ጠረገች።

«እኔም ስቄአለሁ» አለችው፤ የራስ ቁሯን አነሣችና በእግሯ፣ ብቻዋን፣ በቱቦዋ ጥግ ጥግ ወደ ጣቢያው መመለስ ጀመረች።